ከዊንድሁክ እስከ ጋሩብ፦ ልጓም የማያውቁ ፈረሶች አገር

እሑድ፣ ዊንድሁክ

ወደ ናሚቢያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ለአሸዋው ወይም ለዝሆኑ ነው። እኔ የመጣሁት ለፈረስ ነው። መኪና ያከራየኝ ልጅ ይህን ሲሰማ "ከኢትዮጵያ ድረስ?" ብሎ ሳቀ። አልፈርድበትም። የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት እያየሁ ነው ያደግሁት። ፈረስ ብርቄ አይደለም።

ግን የእኛ ፈረስ ባለቤት አለው። ስም አለው፣ ጌጥ አለው፣ ማታ የሚገባበት ጋጣ አለው። እኔ ማየት የፈለግሁት ማንም የማይጋልበውን ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። አንዱ ቦታ እኛው ጋ ነው፤ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ጉርሱም ውስጥ ያለው የቁንዱዶ ተራራ። የቁንዱዶዎቹ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በቁጥር የሚበልጡትና በደንብ የተጠኑት ደቡብ ናሚቢያ ውስጥ፣ ናሚብ በረሃ ዳር፣ ጋሩብ በሚባል ቦታ ያሉት ናቸው።

"የዱር ፈረስ" ስል ከአሁኑ እንግባባ። በዘሩ የዱር ነው የሚባለው ዛሬ የሞንጎሊያው ታኪ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን ሳይንቲስቶች ይከራከራሉ። የናሚቦቹ ቅድመ አያቶች ኮርቻ ተጭኖባቸው፣ ጋሪ ጎትተው የኖሩ ናቸው። ከሰው እጅ ወጡ፣ በረሃ ገቡ፣ እዚያው ተዋለዱ። የልጅ ልጆቻቸው ሰው የሚባል ጌታ አያውቁም። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው፤ ባለቤት ያጣ ፈረስ ያለ ሣርና ያለ ውሃ መቶ ዓመት እንዴት ይኖራል?

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ፣ ወደ ኪትማንስሁፕ

ዛሬ መንገድ ብቻ። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ። መሪው በቀኝ፣ መንዳቱ በግራ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍሬቻ አበራለሁ ብዬ ደጋግሜ የዝናብ መጥረጊያውን እያስነሳሁ ሄድኩ።

አገሩ 825 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ ሦስት ሚሊዮን። ይህን ቁጥር ማንበብና በመኪና ማለፍ ይለያያል። ሬሆቦትን ካለፍኩ በኋላ የደቡብ ሐሩር መስመር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ምልክት አለ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እኔም ተነሳሁ። ከዚያ ማሪየንታል። ከዚያ ዝም ያለ ሜዳና አጥር። አጥሩ አያልቅም። ግራና ቀኝ የግል እርሻ ነው፤ መሬቱ ባዶ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ ጋት ባለቤት አለው። ባለቤት የሌለው ፈረስ እዚህ የት ሊኖር ይችላል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

ኪትማንስሁፕ አጠገብ ኮከርቡም የሚሏቸው የእሬት ዘመድ ዛፎች አሉ። ያምራሉ። ደክሞኝ ስለነበር አሥር ደቂቃም አልቆየሁ።

ማክሰኞ፣ አውስ

ከኪትማንስሁፕ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ እስከ ውቅያኖሱ ይሄዳል። ጎን ለጎን የባቡር ሐዲድ አለ። ሐዲዱን ልብ በሉት፤ የፈረሶቹ ታሪክ ያለሱ አይነገርም።

አውስ ተራራ ሥር የተወሸቀች ሚጢጢ መንደር ናት። ነሐሴ እዚህ ክረምት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን አይደለም። ዝናብ የለም፣ ብርድ ብቻ። ነፋሱ ጃኬት አልፎ አጥንት ይነካል። አንዳንድ ዓመት በረዶ ይጥላል ሲሉኝ በረሃ ዳር ያለሁ መሆኔን ተጠራጠርኩ።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የምርኮኞች ካምፕ ፍርስራሽ አለ። ያኔ አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበር። በ1915 የደቡብ አፍሪካ ጦር ገብቶ ጀርመኖቹን አሸነፈ፤ ከ1,500 በላይ ጀርመናውያን ወታደሮች እዚህ ታስረው እስከ 1919 ቆዩ። የተሰጣቸው ድንኳን ነበር። ብርዱን አልቻሉትም፣ ጭቃ እያቦኩ ጡብ ሠርተው ቤት ቀለሱ። ከጡቡ የተረፈው ዛሬ እየሟሟ ያለ ጉብታ ነው። በ1918 የኅዳር በሽታ ሲመጣ እስረኛውንም ጠባቂውንም ገደለ፤ መቃብሩ እዚያው ነው። የእኛን አዲስ አበባ የፈጀው ያው በሽታ።

ማምሻውን 20 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ነድቼ ጋሩብን አየት አድርጌ ተመለስኩ። መንገዱ ዳር የፈረስ ምስል ያለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት ተተክሏል። ጌጥ አይደለም፤ ማታ ማታ መኪና ገጭቷቸው የሞቱ አሉ። ፈረስ ግን አላገኘሁም፣ ፋንድያ ብቻ። ደረቅ ፋንድያ፣ በየቦታው። በዚህ ሁሉ ዓመት ለምን ተራራ አክሎ እንዳልተከመረ ነገ ይገባኛል።

ረቡዕ፣ ጋሩብ

ፀሐይ ስትወጣ ቦታዬን ይዣለሁ። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ትንሽ የጠጠር መንገድ ይሄድና ጣሪያ ያለው መመልከቻ ላይ ያደርሳል። ከፊት ለፊት ገንዳ። ከገንዳው ወዲያ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ዲክ ቪለም የሚሉት ብቻውን የቆመ ተራራ። ሌላ ምንም የለም። ዛፍ ከተባለ በአጥር ውስጥ ያለ አንድ ሁለት ነው።

ሁለት ሳላዎች መጥተው ጠጡ። አንድ ሰጎን መጣች፣ ሐሳቧን ቀይራ ሄደች። ፈረሶቹ የመጡት ሙቀቱ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ የታየኝ አቧራ ነው። ከዚያ በአንድ መስመር፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ሰባት ፈረሶች። አልሮጡም። ውሃ የጠማው ፈረስ ውሃ ሲያይ ይሮጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እነዚህ በዝግታ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መጡ። ከፊት የመራችው ባዝራ ናት። ድንጉላው ከኋላ ነው፣ እየዞረ እያየ።

አሁን ያለ ማጋነን ልንገራችሁ፦ ቆንጆ ናቸው። አጥንታቸው የገጠጠ፣ የተጎሳቆሉ ትንንሽ ፈረሶች ይሆናሉ ብዬ ነበር የመጣሁት። ጀርባቸው አጠር ያለ ነው፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ እግራቸው የጠራ። አብዛኞቹ ዳማ ናቸው፤ ጋማና ጭራቸው የጠቆረ። ጥቂት ቀያዮች አሉ። ነጭ አላየሁም። አባቴ ገበያ ላይ ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ መጀመሪያ ኮቴውን ያነሳ ነበር። የእነዚህን ኮቴ በመነጽር አየሁት። ማንም ሳይሞርደው፣ ጠጠሩና ድንጋዩ በልኩ ጠርቦታል።

መሪዋ ባዝራ ግራ ጆሮዋ ጫፉ የለም። ገንዳው ላይ ስትደርስ አልጠጣችም። ወዲያ ወዲህ አየች፣ ከዚያ ከንፈሯን ውሃው ላይ አሳርፋ ሳበች። በተጎነጨች ቁጥር ጆሮዋ ወደ ኋላ ይወረወራል። ረጅም ጠጣች፣ ቀና አለች፣ ደግማ ጠጣች። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ቀረቡ። ጠጥተው ሲያበቁ ወደ አሸዋው ሄደው ተራ በተራ ተንከባለሉ፤ አራት እግር ወደ ሰማይ፣ አቧራው እስከ እኔ ድረስ።

ውሃ ነገራቸው ለብቻው ይገርማል። እነዚህን ፈረሶች ለዓመታት አብራቸው ውላ ያጠናች ቴላኔ ግሬይሊንግ የምትባል ተመራማሪ አለች። በጥናቷ መሠረት በበጋ በአማካይ በ30 ሰዓት አንድ ጊዜ ይጠጣሉ። በክረምት እስከ 72 ሰዓት ይቆያሉ። ሦስት ቀን! የእኛ ፈረስ አንድ ቀን ውሃ ቢያጣ ቤቱን ያምሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሣሩ ያለው ከውሃው ርቆ ነው። ውሃው ዳር ያለው ሣር ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ 15 እና 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። በየቀኑ ለመጠጣት የሚመላለስ ፈረስ የሚበላበት ጊዜ አይተርፈውም። የሚያዋጣው መታገሥ ነው።

ስለ ፋንድያው ደግሞ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ጎረምሳ ፈረስ አጎንብሶ ደረቅ ፋንድያ ሲያኝክ አየሁ። መጀመሪያ ሣር መስሎኝ ነበር። በመነጽር ስመለከት ፋንድያ ነው፤ ያውም በሰላም፣ ቀስ እያለ፣ እየመረጠ። እንጅባራ ቢሆን "ይህ ፈረስ ታሟል" ተብሎ ባለ መድኃኒት ይጠራል። እዚህ ግን በሽታ አይደለም። ደረቁ ፋንድያ ከደረቀው ሣር ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ቅባት፣ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ፕሮቲን እንዳለው ተለክቷል። የፈረስ ሆድ ምግቡን እንደ ከብት አመስኳቶ አይጨርሰውም፤ ብዙ ነገር ሳይፈጭ ያልፋል። እዚህ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ አይዘንብም። የወጣ ነገር ተመልሶ ይበላል። የማክሰኞው ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡድን መጣ፣ ሁለቱ ድንጉሎች ተያዩ። ጠብ ይነሳል ብዬ ካሜራዬን አዘጋጀሁ። ሁለቱም አንገታቸውን ቀስት አድርገው፣ ጭራቸውን አንስተው ተጠጋጉ። አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ። አንዱ ጮኸና በፊት እግሩ መሬቱን መታ። ከዚያ ሁለቱም ወደ አንድ የፋንድያ ክምር ሄደው አሸተቱ፣ በየተራ ጨመሩበት፣ ደግመው አሸተቱ፣ ተለያዩ። አለቀ። እኔ ጦርነት ስጠብቅ እነሱ ፊርማ ተፈራርመው ሄዱ። አስተዋይነት ነው፤ በዚህ አገር የሚባክን ጉልበት የለም። ድርቅ ሲበረታ ወጣቶቹ መጫወት እንኳ ይቀንሳሉ ይባላል።

ኑሯቸው የቤተሰብ ነው። አንድ ድንጉላ፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ጥቂት ባዝሮችና ልጆቻቸው። ወጣቶቹ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከቤት ይወጣሉ። ወንዶቹ እንደ ላጤ ተሰብስበው ይዞራሉ፣ ባዝራ እስኪያገኙ። ባዝራም ብትሆን ካልተመቻት ቤት ትቀይራለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ከየት መጡ?

ቦታው ራሱ ግማሹን ይመልሳል። እዚህ ገንዳ አጠገብ ያለው ጉድጓድ የተቆፈረው ለፈረስ አይደለም፣ ለባቡር ነው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይጠጣል፤ ከሉደሪትስ ወደብ ተነስቶ በረሃውን ሲያቋርጥ ጋሩብ ላይ ይሞላ ነበር። በ1915 የደቡብ አፍሪካ ጦር በዚሁ ሐዲድ ገብቶ እዚሁ ሰፈረ፤ ወደ 10,000 ወታደርና ብዙ ሺህ ፈረስ ይዞ። መጋቢት 27 ቀን አንድ ጀርመናዊ አብራሪ መጥቶ ቦምብ ጣለ። 1,700 ያህል ግጦሽ ላይ የነበሩ ፈረሶች መበርገጋቸው ይነገራል። ጦሩ ወዲያው የሚሸሹትን ጀርመኖች ተከትሎ ገሰገሰ፤ የጠፋ ፈረስ የሚሰበስብ አልነበረም።

ሌላው ደግሞ ኩቡብ ነው፣ ከአውስ በስተደቡብ። የሉደሪትስ ከንቲባ የነበረው ኤሚል ክሬፕሊን ከጦርነቱ በፊት እዚያ ፈረስ ያረባ ነበር፤ ለአልማዝ ማውጫዎቹ የሥራ ፈረስ፣ ለከተማው የእሽቅድድም ፈረስ። ከዚያ የተረፉ ፎቶዎች ላይ ያሉት ፈረሶች የዛሬዎቹን ቁርጥ ናቸው ይላሉ አጥኚዎቹ። ሦስተኛ ታሪክም አለ፤ ስለ አንድ ባሮንና ስለ ግንቡ። እሱን ቅዳሜ እዚያው ደርሼ እነግራችኋለሁ።

መውጫዬ ላይ ገንዳው ጋ ያለውን ቧንቧ አየሁት። የእንፋሎት ባቡር ቀርቶ በናፍጣው ሲተካ የጋሩብ ውሃ ለባቡሩ አያስፈልግም ነበር። ፓምፑ ቢቆም ፈረሶቹ በሳምንት ያልቃሉ፤ በዙሪያው ሌላ ውሃ የለም። ያተረፋቸው አካባቢውን ይጠብቅ የነበረው የአልማዝ ኩባንያ ሠራተኛ ውትወታና ገንዳው እንዲሠራ መደረጉ ነው። ስለዚህ "ነፃ ፈረሶች" የሚለውን የሆቴሉን ፖስተር ሳነብ ፈገግ አልኩ። ነፃ ናቸው፣ አዎ። ሰው ግን በየቀኑ ቧንቧ ይከፍትላቸዋል።

ሐሙስ፣ አውስ

ዛሬ አስጎብኚ ይዤ ወጣሁ። ከደቡብ ናሚቢያ ነባር ሕዝብ ከናማዎች ናቸው፣ ጠና ያሉ ሰው። እንግሊዝኛውን በአፍሪካንስ እያዋዙ ያወራሉ። እኔን ገና ከመኪና ሳልወርድ "ልጄ" ማለት ጀመሩ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው፦ ውርንጭላ የት አለ? ትናንት ቀኑን ሙሉ ያየሁት አንድ ብቻ ነበር።

"ጅብ" አሉኝ።

በ2012 አካባቢ ፈረሶቹ ከ280 በላይ ነበሩ። ከዚያ ድርቅ መጣ፣ ነጠብጣባሙ ጅብም ውርንጭላ ለመደ። ባዝራዋ አሥራ አንድ ወር ትሸከማለች፣ ትወልዳለች፣ በሳምንቱ ልጇ የለም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አንድም ውርንጭላ አላደገም። ትልልቆቹም መበላት ጀመሩ። በ2019 ወደ 80 ገደማ ወርደው ነበር። ሁሉም ያረጁ። የሚተካቸው የለም።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚጦፈው። ቦታው ከ1986 ጀምሮ የናሚብ ናውክሉፍት ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፓርክ የሚጠብቀው የአገሩን አውሬ ነው። ጅቡ የአገሩ ነው፣ ፈረሱ መጤ። "ጅብ ገድለህ ፈረስ ታድናለህ? ያውም ፓርክ ውስጥ?" የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል ፈረሶቹ ባይኖሩ አውስ ላይ የሚያድር ቱሪስት አይኖርም። ሽማግሌው የሚኖሩትም በእነሱ ነው። አልደበቁኝም።

"ጅቡን አልጠላውም" አሉ። "የበላው ስለራበው ነው። ግን ስማኝ ልጄ፣ እንግዳ መቶ ዓመት ከተቀመጠ ምን ትለዋለህ?"

እኔ ሐረርን አስታወስኩ። እዚያ ጅብ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይቀበላል። ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ቪዲዮ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ሳቁ፣ ከዚያ "ለእኛዎቹ አታሳይብኝ" አሉ።

ለጊዜው ያሸነፈው የፈረሱ ወገን ነው። በድርቁ ጊዜ በልገሳ ድርቆሽ ተገዝቶ ተበተነላቸው፤ መንግሥትም በመጨረሻ ጅቦቹን ከአካባቢው ለማራቅ እርምጃ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የሚያድጉ ውርንጭሎች ታይተዋል። ትናንት ያየሁት አንዱ ነው። ዛሬም አገኘነው፤ እናቱና ሌላ ባዝራ በመሃላቸው አድርገውት ነበር፣ እግሩ ከቁመቱ ጋር ያልተመጣጠነ፣ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ቦቃ ያለበት።

እኔ በዚህ ክርክር ከማን ጋር ነኝ? ፓምፑን የከፈተ ሰው ውርንጭላውን ጅብ ሲበላው "ተፈጥሮ ነው" ማለት የሚችል አይመስለኝም። ተፈጥሮ ቢሆንማ ውሃውም አይኖርም ነበር። ግን ቁጥራቸው ሲበዛ ሣሩን ከሳላው መሻማታቸውም አይቀርም። በ1992 ድርቅ ጊዜ ከመቶ በላይ ፈረሶች ተይዘው ለገበሬ ተሸጡ። ብዙዎቹ አጥርና ጋጣ ውስጥ አልኖሩም፤ ሞቱ። ፈረሱም እንዳይራብ፣ ሣሩም እንዳያልቅ የሚሆን መላ እስካሁን አልተገኘም።

ዓርብ፣ ሉደሪትስ

125 ኪሎ ሜትር ወደ ውቅያኖሱ። ነፋሱ አሸዋውን አስፋልት ላይ ያስተኛዋል። የኪራይ ውሉ "በአሸዋ ለሚላጥ ቀለም ኢንሹራንስ አይከፍልም" የሚል አንቀጽ አለው፤ እዚህ ስደርስ ለምን እንደተጻፈ ገባኝ።

ሰኞ ያነሳሁት ጥያቄ መልሱ ያለው በዚህ መንገድ ነው። በ1908 ዘካሪያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሸዋ ሲጠርግ አንድ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኘ፣ ለአለቃው ለአውጉስት ስታውኽ ሰጠው። አልማዝ ነበር። ሀብታም የሆነው አለቃው ነው። በዚያው ዓመት ጀርመኖቹ ሰፊውን በረሃ "የተከለከለ ክልል" ብለው ዘጉት። ማንም ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አያድንም፣ አያርስም። ጋሩብም በዚሁ ክልከላ ሥር ወደቀ። ፈረስ የሚይዝም፣ ፈረስ የሚተኩስም መግባት አልቻለም። አልማዝ እንዳይሰረቅ የቆመ ዘብ ሳያስበው ፈረስ ጠበቀ።

ኮልማንስኮፕን አየሁ። የአልማዝ ከተማ ነበረች፤ በ1956 የመጨረሻው ሰው ወጣ፣ አሸዋው ገባ። ሳሎኖቹ ውስጥ እስከ መስኮት ድረስ ተቆልሏል። ጎብኚው ሁሉ ሰልፊ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ግን ሻርክ ደሴትን ሳያይ ይመለሳል። ዛሬ ድንኳን የሚተከልበት የመዝናኛ ቦታ ነው። ከ1905 እስከ 1907 ጀርመኖች ሄሬሮና ናማ የሚባሉትን የአገሩን ሕዝቦች አጉረው በብርድና በረሃብ የፈጁበት ካምፕ ነበር። ያ ስከተለው የመጣሁት ሐዲድ በእነዚህ እስረኞች ጉልበት ነው የተዘረጋው። ከ1906 መጀመሪያ እስከ 1907 አጋማሽ ሐዲዱ ላይ ከሠሩት 2,014 እስረኞች 1,359ኙ ሞቱ። ቁጥሩ የጀርመኖቹ የራሳቸው መዝገብ ነው። ጀርመን የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት ብላ የተቀበለችው በ2021 ነው። የትናንቱ ሽማግሌ ናማ ናቸው። ስለ ፈረሶቹ ሦስት ሰዓት ሲያወሩኝ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም ሳላውቅ አልጠየቅኋቸውም።

የጋሩብ ጉድጓድ የተቆፈረው ለዚያ ሐዲድ ነው። ከዚህ በላይ ዛሬ ስለ ፈረስ መጻፍ አላሰኘኝም።

ቅዳሜ፣ ዱዊሲብ

ከአውስ ወደ ሰሜን፣ ሄልመሪንግሃውዘንን አልፎ፣ ሙሉ በሙሉ ጠጠር መንገድ። አንድ ጎማ ፈነዳብኝ። ጎማውን ስቀይር ሁለት መኪና ቆሞ "እናግዝህ?" አለኝ፤ በዚህ አገር ሳይቆም የሚያልፍ የለም።

ከምንም ተነስቶ ከኮረብታው ላይ ግንብ ብቅ ይላል። እውነተኛ የአውሮፓ ግንብ፣ ማማ ያለው፣ ቀይ ድንጋይ፣ በዙሪያው ግመል የሚያሰኝ ሜዳ። ባሮን ሃንስሃይንሪክ ፎን ቮልፍ የሚባል የመድፈኛ መኮንንና አሜሪካዊት ሚስቱ ጄይታ በ1909 ያስጨረሱት ነው። የቤት ዕቃው ከጀርመን ተጭኖ ሉደሪትስ ወረደ፣ ከዚያ በበሬ ጋሪ በረሃውን ተሻገረ። ባሮኑ ፈረስ ያረባ ነበር፤ ወደ 300 የሚደርሱ። በ1914 ባልና ሚስት ወደ ውጭ ሄዱ፣ ጦርነት ተነሳ፣ እሱ በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ውጊያ ተገደለ። ሚስቱ ወደዚህ አልተመለሰችም። ፈረሶቹ ተበተኑ፣ ወደ ደቡብ ተሰደዱ፣ የናሚብ ፈረሶች ሆኑ። ቱሪስት የሚሰማው ታሪክ ይህ ነው፤ ባሮን አለው፣ ግንብ አለው፣ ሞት አለው።

በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "አጎቴ ፈረስ ነው" አለች ይባላል። እዚህም ሁሉም የሚጠራው የተከበረውን ዘመድ ነው። ከዱዊሲብ እስከ ጋሩብ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፈረስ የለመደውን ውሃና ግጦሽ ትቶ፣ ውሃ ወደሌለበት በረሃ፣ ይህን ያህል መንገድ ለምን ይሄዳል? ከባሮኑ በኋላም ፈረሶች እዚሁ እርሻ ላይ እስከ 1930ዎቹ ድረስ እንደነበሩ ይነገራል። እኔ ለራሴ ገንዘቤን የማስይዘው በኩቡብና በ1915ቱ ጦር ላይ ነው። አንደኛው ዘሩን፣ ሁለተኛው ቁጥሩን አዋጣ። በ1990ዎቹ የደማቸው ምርመራ ሲሠራ ከተመረመሩት የፈረስ ዘሮች ሁሉ የውስጥ ልዩነታቸው በጣም ዝቅተኛ ከሆኑት ውስጥ ተገኙ። ዘራቸው ከጥቂቶች ነው የመጣው፣ ከዚያ በኋላም ባዕድ ደም አልገባም። በርግገው የወጡት በሺህ ቢቆጠሩ እንኳ በረሃው ያስቀረው ጥቂቱን ነው።

ግንቡ ዛሬ የመንግሥት ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ግድግዳው ላይ የፈረስ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሥዕሎቹ ላይ ያሉት እግረ ቀጫጭን የእንግሊዝ እሽቅድድም ፈረሶች ናቸው፤ ከጋሩቦቹ ጋር ብዙም አይመሳሰሉም። አስጎብኚዋ ልጅ የባሮኑን ታሪክ ስትጨርስ ስለ ኩቡብ ጠየቅኋት። "እሱንም እናውቃለን" አለችኝ፣ "ግን ኩቡብ ላይ ግንብ የለም።"

ነገ ወደ ዊንድሁክ ነው። ትርፍ ጎማዬ አልቋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማልታሁህ ላይ ጎማ ማስጠገን፣ ነዳጅም እዚያው መሙላት። ጋሩብ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አውስ ላይ ከአንድ ሌሊት በላይ እደሩ። ፈረሶቹ በክረምት እስከ ሦስት ቀን ሳይጠጡ ይቆያሉ፤ ባዶ ገንዳ አይተው ተናደው የሚመለሱ ቱሪስቶች ረቡዕ ብቻ ሁለት መኪና አይቻለሁ።